«ማን ያድናል?» እና «ማን ይድናል?»፦ ክርስቲያኖች ስለ አንዱ የመዳን መንገድ የሚያምኑትን ስለ ማስተማር

ሱረቱል በቀራን በደርስ የሚያስቀራ ዓሊም ቁጥር 111 ላይ ሲደርስ ደረሳዎቹ ዝም ብለው አያልፉትም። አንቀጹ የመጽሐፉ ባለቤቶች ጀነትን ለየራሳቸው ወገን ብቻ ማድረጋቸውን ያወሳል፤ ይህንንም ባዶ ምኞት ይለውና እውነተኞች ከሆኑ ማስረጃቸውን እንዲያመጡ ይጠይቃቸዋል። ቁጥር 113 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን መሠረት የለሽ እያለ እንደሚወነጅል ይነግረናል። የተፍሲር ሊቃውንት ከኢብኑ ዐባስ በሚያወርዱት ዘገባ ይህ ንግግር የተሰማው የነጅራን ክርስቲያኖች ልዑካን ወደ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጡ ጊዜ ከመዲና አይሁድ ሊቃውንት ጋር ሲከራከሩ ነው። እዚህ ላይ የደረሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ዛሬ በጎረቤታችን ያሉት ክርስቲያኖችስ የሚያምኑት ይህንኑ ነው?

ለዚህ ጥያቄ በየመድረሳው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «እነሱ ከእነሱ ውጭ ያለውን ሁሉ የእሳት ነው ይላሉ» የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ሲሆን «የሮም ቤተ ክርስቲያን በዘመናችን ሙስሊሙም እንደሚድን አምናለች» ይላል፤ ይህኛው በተለይ ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር በሚደረግ ክርክር ላይ እንደ ድል ይጠቀሳል። ሁለቱም መልሶች የሚገልጹት እምነት ባለቤቱ ቢሰማው የእኔ ነው የማይለውን ነው። የሌላውን ቃል ባለቤቱ በሚያውቀው መልክ ካላቀረቡ በኋላ የሚሰጠው ምላሽ፣ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የሚመታው ጥላን ነው።

የችግሩ ሥር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ መቆጠራቸው ይመስለኛል። «ማን ያድናል?» እና «ማን ይድናል?» በአማርኛ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ በክርስትና የእምነት ትምህርት ታሪክ ውስጥ ግን በመካከላቸው የሃያ ክፍለ ዘመናት ክርክር አለ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ዋና ዋናዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ አዳኙ ክርስቶስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን በመካከላቸው ብቻ ሳይሆን በየአንዳንዳቸው ውስጥም ሰፊ ልዩነት አለ።

የመጀመሪያው መልስ ለምን እንዲህ ቆራጥ እንደ ሆነ ለመረዳት «መዳን» የሚለውን ቃል መመርመር ያስፈልጋል። መዳን በሽታን ያስባል። በክርስትና ትምህርት በሽታው ከአዳም ውድቀት የመጣ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሊቃውንት ጥንተ አብሶ ይሉታል። የምዕራቡ ዓለም፣ ከአውግስጢኖስ (354–430) ወዲህ በተለይ፣ በውርስ የሚተላለፈውን በደል አጉልቶ ሲያስተምር ምሥራቃውያኑ ሞትንና የባሕርይን መጎስቆል ያስቀድማሉ። በሁለቱም አካሄድ ግን ሰው ራሱን ከዚህ ሊያወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ አዳኝ ግድ ይሆናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ኢየሱስ ወደ አብ የሚያደርሰው መንገድ እሱ ብቻ መሆኑን መናገሩ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ደግሞ ጴጥሮስ ከእሱ ስም ሌላ የሚያድን ስም አለመኖሩን መመስከሩ በዚህ ሕንጻ ላይ የሚቆሙ ናቸው።

እኛ የምንለየው ከመሠረቱ ነው። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 37 አደም (ዐ.ሰ.) ከጌታው ቃላትን ተቀብሎ ተውበት አደረገ፤ አላህም ተቀበለው። በሱረቱል አንዓም ቁጥር 164 ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ተደንግጓል። በሽታው በዚያ መልኩ ስለሌለ መድኃኒቱም በዚያ መልኩ አልተፈለገም። ነጃት፣ ፈውዝ፣ ፈላሕ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የሚቆሙት በኢማን፣ በመልካም ሥራና በአላህ እዝነት ላይ ነው። በአማርኛ ሁሉንም «መዳን» እያልን ስንተረጉማቸው ሁለቱ ሃይማኖቶች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሰጡ ይመስላል። በእርግጥ የተለያየው ጥያቄው ራሱ ነው። ይህን ያስተዋለ መምህር የክርስቲያኑን «አንድ መንገድ» እንደ ትዕቢት ወይም እንደ ስድብ አይወስደውም፤ ከበሽታው አረዳድ የተከተለ ድምዳሜ መሆኑን ያያል፤ መልስም መስጠት ቢፈልግ ወደ ድምዳሜው ሳይሆን ወደ መነሻው ይሄዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። መንገዱ አንድ ከሆነ ከክርስቶስ በፊት የኖሩት ኢብራሂምና ሙሳስ? ክርስቲያኖች ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ገጥሟቸዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አዳም ከዘሩ ጋር እስከ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ተስፋውን ሲጠብቅ እንደ ቆየና ክርስቶስ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ነጻ እንዳወጣ ያምናሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት ያዳናቸው እሱ ነው፤ በሕይወት ሳሉ ግን በአካል አላዩትም፣ ጥምቀትም አልተጠመቁም። ስለዚህ አዳኙን አንድ ማድረግና የሚድኑትን በይፋ ባመኑት ላይ ብቻ መወሰን ከመጀመሪያውም አንድ ነገር አልነበሩም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከዚህም ርቆ ሄዷል፤ እንደ ሶቅራጥስ ያሉ በቃሉ፣ ማለትም በሎጎስ፣ የኖሩ ሰዎችን ከክርስቲያኖች ቆጥሯቸዋል።

ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም የሚለው የታወቀ ድንጋጌ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ዛሬ ቱኒዚያ በምንላት አገር የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ነው፤ በ258 እ.ኤ.አ. በሮማውያን እጅ ተገድሏል። በዘመኑ ንጉሥ ዴክዮስ ባስነሣው ስደት ብዙ ክርስቲያኖች ለጣዖት ሠውተው ነበር፤ ስደቱ ጋብ ሲል እነዚህን መልሶ መቀበል ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ክፍፍል ተፈጠረ። ኖቫትያኖስ የተባለ ቄስ በ251 በሮም ራሱን የቻለ ቡድን መሠረተ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የተገነጠሉት የሚያጠምቁት ጥምቀት ይሠራል ወይ የሚል ሆነ። ቆጵርያኖስ ድንጋጌውን የጻፈው በዚህ ክርክር መካከል ነው። ዒላማው የራሱ ወገን ሆኖ የተገነጠለው ነበር፤ አይሁዱም አረመኔውም በጉዳዩ ውስጥ አልነበሩም፤ እስልምና በተላከበት መልኩ ሊመጣ ደግሞ ገና ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ይቀረው ነበር። ስለ ሰባ ሦስቱ ፊርቃዎችና ስለ ነጃ ስለምትወጣው አንዷ የሚናገረውን ሐዲስ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ያም ሐዲስ የሚናገረው ስለ ኡመቱ ውስጥ ነው።

ድንጋጌው ወደ ውጭ የዞረው የሮም መንግሥት ራሱ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ነው። ወንጌል ለዓለም ሁሉ ደርሷል፣ ስለዚህ ያልገባ ሁሉ እያወቀ እምቢ ያለ ነው የሚል ግምት ነገሠ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ ፉልጌንጥዮስ ዝርዝሩን አሰፋው፤ አረመኔዎችን፣ አይሁድን፣ መናፍቃንንና ተገንጣዮችን በአንድነት ከመዳን ውጭ አደረገ። እሱ ራሱ አርዮሳውያን በነበሩት የቫንዳል ነገሥታት ወደ ሰርዴንያ ደሴት የተጋዘ ሰው ነበር፤ ቃሉ የከረረበትን ምክንያት ለመገመት ይህ ይረዳል።

የፉልጌንጥዮስ ቃል በይፋ የጉባኤ ውሳኔ የሆነው በፍሎረንስ ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ አገራችን ይመጣል። የሮም ቤተ ክርስቲያን ከምሥራቃውያን ጋር አንድነት ለመፍጠር በጠራችው በዚህ ጉባኤ በ1441 እ.ኤ.አ. የግብፅ ቅብጦች ልዑካንና በኢየሩሳሌም የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት መልእክተኞች ተገኙ። በየካቲት 1442 ከቅብጦች ጋር የተደረገው ስምምነት ሲታወጅ ሰነዱ የፉልጌንጥዮስን ዝርዝር ይዞ ወጣ። ከዚህም ሌላ ከወንጌል መታወጅ በኋላ ግዝረትንና ሰንበትን እንደ ሕግ የሚጠብቁ ከዘላለም ሕይወት ዕድል እንደሌላቸው ደነገገ። ግዝረትን የሚጠብቁት፣ ከእሑድ ጋርም ቅዳሜን የሚያከብሩት እነማን ናቸው? በአገር ቤት ያሉት የእነዚያው መልእክተኞች ወገኖች ናቸው! ስምምነቱ በኢትዮጵያ ፍሬ አላፈራም። እንዲያውም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (የነገሡት 1434–1468) በ1450 በደብረ ምጥማቅ ባስደረጉት ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት መከበር ጸና። ከመቶ ሰባ ዓመታት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት ሲቀበሉና ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሲመጣ ይኸው ክርክር በደም ተመለሰ፤ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ግዝረትና ቅዳሜ እንዲቀሩ ታዘዘ፤ ከብዙ እልቂት በኋላ ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ይህን ለደረሳ መንገር የሚጠቅመው የማንንም ቁስል ለመነካካት አይደለም። የ«አንድ መንገድ» ትምህርት ብዙ ጊዜ ክንዱን የዘረጋው በክርስቲያኖች ላይ እንደ ሆነ፣ የአገራችን ኦርቶዶክሳውያንም ከተጎጂዎቹ መካከል እንደ ነበሩ ያሳያል።

በምዕራቡ ዓለም አሳቡ መላላት የጀመረው አሜሪካ ከታወቀች በኋላ ነው። የወንጌልን ስም ሰምተው የማያውቁ ሕዝቦች ተገኙ፤ ሁሉም ሰምቷል የሚለው ግምት ፈረሰ። የሳላማንካው መምህር ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ (በ1546 የሞተ) ያልሰማ ሰው ባለማመኑ በደለኛ አይባልም፤ ከዚያም አልፎ በሰይፍና በግፍ ታጅቦ የቀረበለትን ስብከት ባይቀበል የግድ ጥፋተኛ አይሆንም ሲል ተከራከረ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በ1863 ባወጡት መልእክት ሁለቱን ነገር በአንድነት ያዙ፤ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም፤ ሊያስወግደው በማይችለው አለማወቅ ውስጥ ያለ ቅን ሰው ግን በአላህ ጸጋ የዘላለም ሕይወትን ሊያገኝ ይችላል አሉ። በቦስተን የነበረው የየሱሳውያን ቄስ ሊዮናርድ ፊኒ ድንጋጌውን ቃል በቃል ይዞ ካቶሊክ ያልሆነ ማንም አይድንም ብሎ ሲያስተምር ሮም በ1949 በደብዳቤ ትርጓሜውን ውድቅ አደረገችው፤ ተጠርቶ አልሄድም በማለቱም በ1953 ተወገዘ። ከሞቱ በፊት ታርቋል።

ከዚያ የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) መጣ። በጎረቤት ክርክር ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ይህ ስለሆነ ሰነዶቹ ያሉትንና ያላሉትን መለየት ይገባል። በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰነድ በቁጥር 16 የመዳን ዕቅድ ፈጣሪን የሚያምኑትንም እንደሚያካትት ገልጾ ሙስሊሞችን በስም ያነሣል፤ የኢብራሂምን እምነት እንደ ያዙ የሚናገሩና አንዱን አዛኝ አምላክ የሚያመልኩ መሆናቸውንም ይጠቅሳል። በ1965 ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች የወጣው አጭር ሰነድ በቁጥር 3 ለሙስሊሞች አክብሮቱን ይገልጻል፤ ስለ መዳናቸው ግን አንዳች አይናገርም፣ የነብዩንም (ሰ.ዐ.ወ.) ስም አያነሣም። ደግሞም የ1964ቱ ሰነድ በቁጥር 14 የቤተ ክርስቲያንን አስፈላጊነት አውቆ እምቢ ያለ እንደማይድን ይደነግጋል። በ2000 ከቫቲካን የወጣው «ዶሚኑስ ኢየሱስ» የተባለ ሰነድ ደግሞ ሃይማኖቶች ሁሉ እኩል መንገዶች ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ በግልጽ ነቅፏል። ስለዚህ ትምህርቱ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሙስሊም ሊድን ይችላል፤ ቢድን ግን የሚድነው በክርስቶስ ጸጋ እንጂ በእስልምናው መንገድነት አይደለም። ይህን «እስልምናን አመኑልን» ብሎ መናገር ሰነዱን አለማንበብ ነው። የዒሳን (ዐ.ሰ.) አምላክነት እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የተረጎመውን፣ ሃይማኖቶችን ሁሉ እኩል ያደረገውን እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሂክን የክርስትና ቃል አቀባይ አድርጎ መጥቀስም የዚሁ ዓይነት ስሕተት ነው፤ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች አይቀበሉትም።

በወንጌላውያን ዘንድ የ«አንድ መንገድ» ትምህርት የጠበቀ ነው። በ1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን የተሰበሰቡት መሪዎች ባወጡት ኪዳን አዳኙ አንድ፣ ወንጌሉም አንድ መሆኑን አጽንተዋል። ሆኖም የሰነዱ ዋና አርቃቂ የነበረው ጆን ስቶት እንኳ ወንጌልን ሰምተው ስለማያውቁ ሰዎች ዕጣ ቆራጥ ብይን ከመስጠት ተቆጥቧል።

በአገራችን «አንዱ መንገድ» ዛሬ በይበልጥ የሚያከራክረው ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ ጋር ሳይሆን ኦርቶዶክሱን ከጴንጤው ጋር ነው፤ ይህን ብዙ መምህራን ልብ አይሉትም። ጴንጤው «ጌታን ተቀበልኩ፣ ዳንኩ» ሲል የሚናገረው ስለ ተፈጸመ ነገር ነው፤ ከክርስቶስ በቀር አማላጅ የለም የሚለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለኦርቶዶክሱ መዳን በአርባ ወይም በሰማንያ ቀን በሚደረግ ጥምቀት የሚጀመር፣ በቁርባንና በምግባር እስከ ሞት የሚዘልቅ ጉዞ ነው፤ በመንገዱም ላይ ቅዱሳን ባላቸው ቃል ኪዳን ያግዙታል። በተአምረ ማርያም የሚገኘውን የበላዔ ሰብን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ሰባ ስምንት ሰዎችን የበላ ሰው በማርያም ስም ለተጠማ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ ይላል። የእኛ ዐቂዳ ይህን ዓይነቱን ምልጃ አይቀበልም፤ ነገር ግን ታሪኩን በዓመት በዓመት የሚሰማ ምእመን በልቡ የያዘው የመዳን ሥዕል በቆጵርያኖስ ድንጋጌ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ስለ ጎረቤታችን ስንናገር የትኛውን ክርስቲያን ማለታችን እንደ ሆነ መለየት ያለብን ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ደረሳው ወደ ራሳችን መዞሩ አይቀርም፤ መዞርም አለበት። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ቁጥር 85 ከእስልምና ሌላ ሃይማኖት የሚፈልግ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ይህን ከደረሳ መደበቅ ወይም ማለዘብ አይገባም፤ እኛም የእውነት መንገድ አንድ ነው ባዮች ነን። በአንጻሩ ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 123 ነገሩ በመጽሐፉ ባለቤቶች ምኞት ብቻ ሳይሆን በእኛም ምኞት እንደማይሆን ያስጠነቅቃል። የበቀራው አንቀጽ የነቀፈው ማስረጃ የሌለውን ምኞት ነው፤ ነቀፌታው ሙስሊሙን አያልፍም።

በእኛ ዘንድ የ«ማን ይድናል?» ጥያቄ የሚዞረው በሑጃ ላይ ነው፤ ሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 15 መልእክተኛ ሳይላክ ቅጣት እንደሌለ ያረጋግጣል። ከፍሎረንስ ጉባኤ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድመው ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ሂጅራ/1111 እ.ኤ.አ. የሞቱ) «ፈይሰሉ ተፍሪቃ» በተባለው ኪታባቸው ሙስሊም ያልሆኑትን በሦስት ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ጨርሶ ያልደረሳቸው ናቸው፤ ዑዝር አላቸው። ሁለተኛዎቹ ስማቸው፣ ባሕሪያቸውና ተአምራታቸው የደረሳቸው፣ ከሙስሊሞች ጋር ተጎራብተውና ተቀላቅለው የሚኖሩ ናቸው፤ እነዚህ ዑዝር የላቸውም። ሦስተኛዎቹ ስሙን ሰምተዋል፤ ነገር ግን ከልጅነታቸው የሰሙት ተጣሞና ጠልሽቶ ነው፤ ኢማሙ እነዚህን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ቆጥረዋቸዋል። በዘመናቸው ከነበሩት የሩም ክርስቲያኖችና ቱርኮች አብዛኞቹን የአላህ እዝነት እንደሚያካትታቸው ተስፋ አድርገዋል። እውነቱ ደርሶት በቅንነት እየመረመረ ሳለ ሞት የቀደመውንም አልረሱትም።

ይህ ከፒዮስ 9ኛ «ሊያስወግደው የማይችለው አለማወቅ» ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ግን አይደለም። በካቶሊኩ ትምህርት አለማወቅ በደልን ያነሣል እንጂ አያድንም፤ በማያውቀውም ሰው ላይ የሚሠራው ያው የክርስቶስ ጸጋ ነው። በኢማም አል-ገዛሊ ዘንድ ግን ሑጃ ያልቆመበትን ሰው የሚይዘው የአላህ እዝነት ያለ መካከለኛ ነው። ነጃሺን ለዚህ ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ አሉ፤ አያስኬድም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሩቅ ጀናዛ ሶላት የሰገዱላቸው ስላመኑ ነው፤ የእሳቸው ጉዳይ ሸሪዓውን ሙሉ በሙሉ መፈጸም ባልቻለ ሙእሚን ርዕስ ሥር የሚጠና ነው።

አሁን በወሎ እናቱ ክርስቲያን የሆነች ደረሳ ኡስታዙን ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የኪታብ ጥያቄ ብቻ አይሆንም። ስለ እሷ የመጨረሻ ዕጣ ብይን መስጠት የኡስታዙ ሥልጣን አይደለም፤ ሑጃው ለማን እንደ ቆመ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ኡስታዙ ሊያስተምረው የሚችለው ዐቂዳችንን ሳይሸራርፍ፣ የእሷን እምነት ሳያጣምም፣ ለእናቱ ያለበትንም ሐቅ ሳያጓድል ነው። በኢማም አል-ገዛሊ ክፍፍል ላይ ግን ለእኛ የቀረ ከባድ ነገር አለ። በአገራችን ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ነው፤ ኀዘናችን ላይ ይቀመጣል፣ ሠርጋችን ላይ ይታደማል። ላይ ላዩን ሲታይ ከሁለተኛዎቹ ይመደባል። ስለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማው ግን ከድምፅ ማጉያ ክርክርና ከስድብ መልስ ብቻ ከሆነ፣ በግብይትም ከእኛ ያየው ያንን የሚያረጋግጥ ከሆነ፣ ከሁለተኛዎቹ ነው ወይስ ከሦስተኛዎቹ? ኢማሙ ሦስተኛዎቹን ሲገልጹ ያጣመመባቸው ሌላ ሰው ነበር። በእኛ ሁኔታ ግን አጣማሚው ማን እንደ ሆነ እያንዳንዱ ኢማም ከመጪው ኹጥባው በፊት ሊመረምረው የሚችል ጉዳይ ነው።